ስልኩ የኮምፒውተር ዓይን የሆነ ዕለት

ለልጄ ለምሕረት፣ ጋምቤላ፤

የእንጅባራ ብርድ እንደምታውቂው ነው፤ እኛ በመድኃኔዓለም ቸርነት አለን። ጎረቤታችን እትዬ እታለማሁ ጉልበታቸው ተሽሏቸው ገበያ ወጡ፤ ምራታቸውም ወንድ ልጅ ተገላገለች።

እሑድ ወንድምሽ ስማቸው ስልኩን ለኮምፒውተሩ ዓይንና ጆሮ አድርጎ ሲያገናኘን፣ ፊትሽ ሰፌድ አክሎ ብቅ ቢል ክው አልሁ! በስልኩ ብቻ ስናወራ እንዲህ አጉልቶ አያሳየኝም ነበር። «እማ፣ ወዴት ነው የምታይው?» አልሽኝ። ስልኩ በጎን ስለቆመ ነው እንጂ፣ እኔስ ስክሪኑ ላይ አንገትሽ ላይ የጠቆረውን ነበር የማየው። ወዲያው ባለቤትሽን ዞር ብለሽ አይተሽ በሻርፕ ሸፈንሽው። በዚያ ሙቀት ሻርፕ!

ይህን ለብቻሽ ሆነሽ አንብቢው። አልጋሽን አንጥፌዋለሁ። እመብርሃን ካጠገብሽ አትለይ።

አጎትሽ ባምላክ ትናንት ከጥሊሊ መጥቶ ያየሁትን ነገርሁት። «የጋምቤላ አውቶቡስ ከየት ነው የሚነሣው?» አለኝ።

እናትሽ ሰውነት