ጓሮውን የቆፈርኩበት ዓመት

ልጄ ዱርሲቱ፣ ዋቃዮ በሄድሽበት ሁሉ ይቅደምልሽ፤ የአሠሪዎችሽንም ልብ ያራራልሽ። እኛ ደህና ነን፤ ድካሙ ብቻ በዛብን።

ሱሉልታ እንደተውሽው አይደለም። አዲስ አበባን ወደ ገበሬው መሬት ያሰፋል በሚሉት ማስተር ፕላን የተነሳ ልጆቹ ሰልፍ ይወጣሉ፣ ወታደር ይመጣል፤ እንቅልፍ የሚባል ካጣን ቆየን።

ክረምት ሊገባ ሲል ፐርማካልቸር የሚሉትን ትምህርት ተምሬ ነበር። ጎርፉን በቦይ ይዞ መሬቱን ማጠጣት፣ ጎመኑን ከባቄላና ከፍራፍሬ ጋር አቀላቅሎ መትከል ነው። ጓሮውን እንደዚያ ስቆፍር አባትሽ "ነገ ለሚወስዱት መሬት ምን ያለፋሻል?" ይለኝ ነበር። እኔ ግን መቆፈሬን አልተውኩም።

ባለፈው ሳምንት መንገድ ተዘጋና ገበያው ባዶ ሆነ። ከአዲስ አበባ መጥታ ከአጥራችን ጀርባ የተከራየችው መኪያ፣ ባሏ ሥራ እንደሄደ መመለሻ አጥቶ፣ ፈርታ ከልጆቿ ጋር በር ዘግታ ተቀመጠች። የሚበሉት ማለቁን ስነግረው አባትሽ ከጓሮው ጎመንና ካሮት ሰብስቦ ሄደ። "አይዞሽ ልጄ፣ ጎረቤትሽ ገርባ ነኝ፤ ክፈቺ" ሲላት በአጥሩ በኩል ሰማሁት።

ሲመለስ አካፋዬን ወሰደና ለአፕል ችግኝ ጉድጓድ መቆፈር ጀመረ።

መሬቱ ይተርፍልን እንደሆነ አላውቅም። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ፤ ስትደውዪ "ሳይወስዱባችሁ ሽጡት" አትበዪው። አፕሉ በስንት ዓመት እንደሚያፈራ ጠይቂው።

ዓይንሽን ለማየት ያብቃኝ፤ በሰላም ዋዪ፣ በሰላም እደሪ።

እናትሽ አያንቱ