ቆመ እንጂ አልለቀቀውም

ለእህቴ ለሙሀባ፣ ጅዳ

አሰላሙ ዐለይኩም፣ እታለም። ጤናሽ እንዴት ነው? ሥራው፣ ሙቀቱ፣ ያ የወገብሽ ሕመምስ? እኛ ከደረሰብን በቀር አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ባልሽ በድሩ መጎዳቱን በስልክ ስነግርሽ ለቅሶ ቀደመንና ሳንነጋገር ቀረን። ከዚያ ለዕረፍት የመጣችው ፈሪሃ ወደዚያው ስለምትመለስ፣ ነገሩ እንዴት እንደሆነ ጽፌ በእሷ እጅ ልኬልሻለሁ።

ተራራው ላይ ባለው የኮከብ መመልከቻ ጣቢያ አብረን እንደምንሠራ ታውቂያለሽ። በየዓመቱ ትልቁ ቴሌስኮፕ መዝመም አለመዝመሙን እንለካለን። በድሩ ከሥር ገብቶ ውሃ ልኩን ያነባል፤ እኔ ከመቆጣጠሪያው ክፍል ሆኜ ጥቂት በጥቂት አዞረዋለሁ። እሱ በሬዲዮ “ወጥቻለሁ” ሳይል፣ እኔም ቃሉን ደግሜ ሳልመልስለት፣ ቴሌስኮፑ አይነካም። ሰው ከሥር ሳለ ሞተሩን የሚዘጋ ቁልፍም ነበረን፤ ከተበላሸ ግን ከርሞ ነበር። ለአለቃችን ለጋሼ ታከለ ደጋግመን ብንነግራቸውም “ታዟል፣ ከውጭ እየመጣ ነው” ይሉን ነበር።

የዚያን ቀን በድሩ ገና ከሥር ሳለ ቴሌስኮፑ ዞረ። ወላሂ እኔ አልነካሁትም። አዲስ አበባ ያለ ባለሙያ፣ ልኬት ላይ መሆናችን ሳይነገረው፣ በኮምፒውተር ከሩቅ አዞረው። ጩኸቱን ስሰማ ቀዩን ማቆሚያ መታሁት። ቆመ፤ ግን ቀኝ እጁን እንደያዘ ቆመ። ሰው ተይዞ ሳለ ያለ መሐንዲስ እንዳይንቀሳቀስ ደንቡ ይከለክላል፤ በስሕተት ጥቂት ወደፊት ቢሄድ ክንዱን ይጨርሰዋልና። መሐንዲሱ ደግሞ ለሥራ አጣዬ ሄዶ ነበር። እስኪደርስ አጠገቡ ተቀምጬ ላቡን ከመጥረግ በቀር ምን ላድርግ? “ኡበይድ፣ ትንሽ ብቻ መልስልኝ” እያለ ለመነኝ። “አልችልም” አልኩት። ኋላ ሲደክመው ራሱን ትከሻዬ ላይ ጣለ።

መሐንዲሱ ደርሶ ካስለቀቀው በኋላ የሸዋ ሮቢት ሐኪሞች ወደ ደብረ ብርሃን ላኩት፤ መንገዱ ግን በተኩስ ተዘግቶ ነበር። ሲከፈት ጣቶቹ ጠቁረው ነበር። ሦስቱን ቆረጧቸው።

የታዘዘው ቁልፍ ባለፈው ሳምንት መጣ። ጋሼ ታከለ እንደ ሕፃን አለቀሱ። ልኬቱ ስላላለቀ ሰኞ እንደገና እንጀምራለን። ማዞሩን እንቢ ብያለሁ፤ ከሥር የምገባው እኔ ነኝ። በድሩ ቀኑን ሙሉ ደጅ ተቀምጦ የሽንኩርቱን ማሳ ያያል። “ከእንግዲህ ምን ልሠራ ነው?” ይለኛል። ነይለት እንዳልልሽ፣ ፓስፖርትሽ በአሠሪዎችሽ እጅ ነው።

እማዬ በየሶላቷ ዱዓ ታደርግልሻለች። ጎረቤታችን እትዬ ብዙነሽ ሰላም ብለውሻል፤ እሳቸውም በድሩን ሲያስታምሙ ከእኛ ጋር ከርመዋል። ልጅሽ ዙልፋ ትስምሻለች፤ አባቷን አሁን እሷ ናት የምታጎርሰው። አብረውሽ ላሉት የአገር ልጆች ሰላም በይልኝ። በድሩ ሰላምታውን በግራ እጁ ሊጽፍልሽ ብዕሩን ተቀብሎኝ የስምሽን የመጀመሪያ ፊደል ጫረ። ከዚያ ወረቀቱን መለሰልኝና “ደህና ነው በላት” አለኝ።

ወንድምሽ ኡበይድ
ሸዋ ሮቢት፣ የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.