በእውነተኛ ዕድሜያቸው የሮጡት አትሌት ሮማነወርቅ ወልዴ (1953–2018 ዓ.ም.)

አትሌት ሮማነወርቅ ወልዴ ከአባታቸው ከአቶ ወልዴ ሕዝቅያስና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዕፀ ሕይወት ይርጉ ጥር 14 ቀን 1953 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከተማ፣ ቀበና ተወለዱ። ወላጆቻቸው ወንድ ልጅ ተወለደልን ብለው ሌላ ስም አውጥተውላቸው ነበር። ሮማነወርቅ የሚለውን ስም በሠላሳ ስድስት ዓመታቸው ራሳቸው መረጡ፤ የአባታቸውን ስም ግን አልለወጡም።

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ሲያጠናቅቁ ለአንድ የፋብሪካ ቡድን ስምንት መቶ ሜትር ይሮጡ ነበር። በ1975 ዓ.ም. ወደ ሱዳን ተሰደዱ። እዚያ የስደተኛ ቅጽ ሲሞሉ የትውልድ ዓመታቸውን በአገራችን አቆጣጠር 1953 ብለው ጻፉ፤ መዝጋቢውም እንደ ፈረንጅ ዓመት ወሰደው። በዚህ ስህተት ምክንያት ከሱዳን ወደ አሜሪካ ተሻግረው ዳላስ ሲገቡ በወረቀት ስምንት ዓመት አርጅተው ነበር።

በዲኤፍደብሊው፣ በዳላስ አውሮፕላን ማረፊያ፣ መንገደኞችን በዊልቸር ከመግፋት ጀምረው እስከ ፈረቃ ኃላፊነት ደረሱ።

እ.ኤ.አ. በ1997 በሴትነታቸው መኖር ጀመሩ። ቤተሰባችን ወዲያው ተቀበላቸው ማለት ውሸት ይሆናል። እህታቸው ወይዘሮ ታደለች ከሦስት ዓመት በላይ አላነጋገሯቸውም። በቅዳሴ ከሴቶች በኩል ሲቆሙ ከአጠገባቸው የሸሹ ነበሩ። ሮማነወርቅ በሚቀጥለውም እሑድ እዚያው ቆሙ።

አርባ ዓመት ሲሞላቸው፣ እ.ኤ.አ. በ2001፣ ለጎልማሶች በተዘጋጀ ውድድር ከሴቶች ጋር ለመሮጥ አመለከቱ። እንዲህ ያለው ውድድር ሯጮችን በየአምስት ዓመት ዕድሜ ይመድባል። በወረቀታቸው ቢመዘገቡ ከአርባ አምስት ዓመት በላይ ካሉት ጋር ይሰለፉና በሰዓታቸው በቀላሉ ያሸንፉ ነበር። እሳቸው ግን ስማቸውን በሕግ ሲያስለውጡ የትውልድ ዓመታቸውም እንዲታረም ጠየቁ። ጠበቃቸው ጡረታቸው በስምንት ዓመት እንደሚዘገይ አስጠነቀቋቸው። ወይዘሮ ታደለች ይህን ሲሰሙ ዝምታቸውን ትተው ደወሉ፦ «አንቺ ሴትዮ፣ ጤነኛ ነሽ? ሰው ጡረታው እንዲርቅ ይከራከራል?» እህታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ በሴት የጠሯቸው በዚያ ቀን ነው። ሮማነወርቅም፦ «ያረጀሁት በወረቀት ነው እንጂ በእግሬ አይደለም» አሉ።

ዕድሜያቸው ታረመ፤ አዘጋጆቹ ግን አልተቀበሏቸውም። አራት ዓመት ሙሉ ያለ መለያ ቁጥር፣ በውጪኛው መስመር፣ ከውድድር ውጪ ሮጡ። ሰዓታቸውን የሚይዝላቸው ስላልነበረ ወይዘሮ ታደለች ከሚኖሩበት ከፕሌኖ ከተማ እየነዱ መጥተው ይይዙላቸው ነበር። የተቃወሟቸው ሁሉ ክፉዎች አልነበሩም፤ አንዳንዶቹ የሚጠይቁት ውድድሩ እኩል መሆኑን ነበር። ሮማነወርቅ ጥያቄውን አልናቁትም። የሆርሞን ምርመራቸውን ውጤት ማንም ሳያስገድዳቸው በየጊዜው ያቀርቡ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2005 ተፈቀደላቸው። በአርባ አራት ዓመታቸው፣ ከእኩዮቻቸው ሴቶች ጋር ስምንት መቶ ሜትር ሮጠው አራተኛ ወጡ። የተለጠፈውን ውጤት ቆመው ደጋግመው አነበቡት፤ ስማቸውም ዕድሜያቸውም ትክክል ነበር። ሦስቱን ቀዳሚዎች አቅፈው እንኳን ደስ አላችሁ አሉ።

ትዳር አልመሠረቱም። የእህታቸውን ልጆች ናኦድንና ሄቨንን አብረው አሳድገዋል። በሚኖሩበት በዋይሊ ከተማ ቅዳሜ ጠዋት የሰፈሩን ልጃገረዶች ሩጫ ያሠለጥኑ ነበር፤ ያረፈደችውን ተጨማሪ ዙር ሳያስሮጡ አይለቁም ነበር።

የትውልድ ዓመታቸውን ባያሳርሙ ኖሮ ጡረታ ከወጡ ዓመታት ባለፉ ነበር። የቆሽት ካንሰር እስኪጥላቸው ድረስ ከሥራ አልቀሩም፤ አንድም ቀን ሲቆጩ አልሰማንም። በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በስልሳ አራት ዓመታቸው፣ እህታቸውና ልጆቹ በአጠገባቸው እንዳሉ አረፉ።

ሚዛኑ የማያጋድል አምላክ ነፍሳቸውን በብርሃን ስፍራ ይቀበልልን፤ ለእህታቸው፣ ለልጆቹና ላሠለጠኗቸው ሁሉ ብርታቱን ይስጥልን። አሜን።