ከመጀመሪያው ገጽ በፊት

ሚያዝያ 7
ባጃጄን አጠብኩ። ማታ ትምህርት። ይሄን ደብተር ከኋላ ጀመርኩት... ምን አለበት? ልጅ ሆኜ ኸልዋ፣ ቁርኣን ቤት፣ ስቀራ የሚጀመረው ከዚህ በኩል ነበር፤ እጄ ለምዷል። በስድስት ወር ፊደል ጨርሶ የዕለት ማስታወሻ የሚጽፍ ባጃጅ ነጂ አሶሳ ውስጥ ሌላ ማን አለ? ካለ ይምጣ።

ሚያዝያ 9
ዩኒቨርሲቲ የምታስተምረው ሊድያ ማንበብ የሚያለማምድ መተግበሪያ ሠርታለች። እንድንሞክርላት ስልክ አደለችን። የእኔ ገና የመጀመሪያው ገጽ ላይ ድርግም ብሎ ተዘጋ። ሁለቴ። ቀና ስል አጎቴ አብዱልረሂምም መተግበሪያው የተዘጋበት ስልክ ያገላብጣል። አብራን የምትማረው ሸዋነሽ "አባባ፣ ምኑን ነካክተውት ነው?" አለችው። ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። "የእኔ እንደ ባጃጄ ይበራል" አልኩ... ለምን አልኩ?

ሚያዝያ 12
ሊድያ ኮምፒውተሯ ላይ አፍጥጣ አመሸች። መተግበሪያው ስልኩ ውስጥ የተሰጠው የማስታወሻ ቦታ፣ ሜሞሪ የሚሉት፣ አለው አለች፤ ከዚያ አልፎ ያልተሰጠውን ሊነካ ሲል ስልኩ ይዘጋዋል። ጥሩ ዘበኛ ነው አልኳት። ሳቀች፣ ግን ደክሟታል። በእሷ እጅ አይዘጋም። በሸዋነሽም። የአጎቴ እጅ ነው ተባለ። ስልኬን ኪሴ ከተትኩ።

ሚያዝያ 14
አጎቴ አልመጣም። ቤቱ ሄድኩ። "የእኔ ጣት ለመጥረቢያ ነው የተሠራው፤ ስልኩ እንኳ አወቀ" አለኝ። ትምህርቱን ሊተው ነው። ስሙን ለመጻፍ ሁለት ፊደል ሲቀረው! የእኔም ይዘጋል ልለው አፌን ከፈትኩ። ስለ ዝናብ አወራሁ።

ሚያዝያ 15
ባጃጄን ሁለቴ አጠብኩ።

ሚያዝያ 16
ለሊድያ ነገርኳት። የእኔም ዘጠኝ ጊዜ ተዘግቷል፣ ዋሽቻለሁ። ትቆጣለች ስል ወንበር ሳበችልኝ። ሲዘጋ አሳየኝ አለች። ጣቴን ከግራ ወደ ቀኝ ጎተትኩ። ድርግም።
"ቆይ... ለምን በዚያ በኩል ገለጥከው?"
"ታዲያ ገጽ በየት በኩል ይገለጣል?"
ጭንቅላቷን ያዘች። ለእሷ መተግበሪያ ይሄ ወደ ኋላ መመለስ ነው። ከመጀመሪያው ገጽ በፊት ያለውን ገጽ ነበር ስንጠይቀው የከረምነው። የለማ! ሊፈልገው ያልተሰጠው ቦታ ገብቶ ሲዳብስ ዘበኛው ያዘው። አጎቴም የቀራው እዚያው እኔ የቀራሁበት ኸልዋ ነው። "ማንም እንዲህ ይገልጣል ብዬ አላሰብኩም። ጥፋቱ የእኔ ነው" አለች። ግማሹ የእኔ ነው... አላልኳትም፣ ታውቃለች።

ሚያዝያ 19
ሊድያ አስተካከለችው። አሁን ወደዚያ ሲጎትቱት ገጹ ነቅነቅ ብሎ ይመለሳል። አጎቴ ቤት ሄጄ ሁሉንም ተናዘዝኩ። ውሸታም አለኝ። ቀጥሎ
"ዘጠኝ ጊዜ?"
"ዘጠኝ።"
"የእኔ ሦስቴ ብቻ ነው።"
ጫማውን ፈለገ።

ሚያዝያ 26
አጎቴ ስሙን ጨረሰ። ዛሬ ገበያ መሃል ቆሞ፣ ለሊድያ ችግሩን ያገኘላት የእሱ ጣት እንደሆነ ለማንጎ ሻጮቹ ሁሉ ሲያወራ ደረስኩ። ኮምፒውተር ያቃተውን፣ እያለ። ዘወር ብሎ አየኝ።
"ውሸት ነው እንዴ ኢዘዲን?"
"እውነት ነው" አልኩ። ሌላ ምንም አልጨመርኩም። እኔ!