ከአባቴና ከስኮርታው አንዱን እንድመርጥ ለፈቀዱልኝ ኃላፊ

ለተከበሩ የተሽከርካሪ ምርመራ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

በቅድሚያ ለእርስዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎ፣ እንዲሁም በመስኮት ቁጥር አራት ላይ ለተለጠፈው «ለስብሰባ ወጥተናል» ለሚለው ወረቀት የተሟላ ጤና እመኛለሁ። ከወረቀቱ ጋር ከተዋወቅን አምስት ወር ሆነን። በዚህ ጊዜ ውስጥ ፀሐይ መትቶት ደብዝዟልና በአዲስ ቢተካ መልካም ነው እላለሁ።

እኔ ከከተማ ከተማ እየዞርኩ የልብስ ስፌት መኪና የምጠግን ሰው ነኝ። ቤቴም መሥሪያ ቦታዬም አልጋ፣ ትንሽ ምድጃና የዕቃ ሳጥን የገጠምኩባት አሮጌ ቫን ናት። ግንበኛው አባቴ ከዓመት በፊት ከመወጣጫ ወድቆ ወገቡ ስለተጎዳ መቀመጥ አይችልም፤ መንገድ የሚሄደው ተኝቶ ብቻ ነው፣ ተኝቶ የሚሄድባትም መኪና ይህችው ቫን ናት። እንደ እናት ሆና ያሳደገችው ታላቅ እህቱ ደግሞ የአንድ ቀን ተኩል መንገድ ርቃ ታማለች፤ ሐኪሞቹም ከእንግዲህ የምናደርግላት ነገር የለም ብለው ወደ ቤቷ መልሰዋታል። ይህን የምጽፈው እርስዎን ለማሳዘን አይደለም። ለማዘንም ማመልከቻ እንደሚያስፈልግ አውቃለሁ።

ነገሩ አጭር ነበር። የቫኗ የድሮ ልክ ጎማ ከገበያ ስለጠፋ አራቱንም በሚገኘው፣ ከፍ ባለው ልክ ቀየርኳቸው። ተጠባባቂው ጎማ፣ ስኮርታው፣ በአዲሱ ልክ ሲገዛ ግን ከወለሉ ሥር ያለው ማስቀመጫ አልበቃውም። በመሃሉ አባቴን ይዤ ስሄድ አንዱ ጎማ ፈነዳ፤ የድሮውን ትንሽ ስኮርታ ብገጥም መኪናዋ ወደ አንድ ጎን አጋድላ፣ አባቴ እስክንደርስ ድረስ የአልጋውን ጠርዝ በሁለት እጁ ጨብጦ ተጓዘ። ከዚያ ወዲያ የሰፈራችን በያጅ፣ በጥንቃቄው «ሰዓት ሠሪው» የምንለው ሰው፣ ከመኪናዋ የብረት አጽም፣ ከሻንሲው፣ ጋር የተያያዘ፣ እንደ በር የሚከፈት የብረት ክንድ ከኋላ ሠራልኝ። ትልቁ ስኮርታ እዚያ ላይ ታሰረ፤ ተንጠልጥዬ ብወዘውዘው አልነቃነቅም አለ። እንዲህ የተለወጠች መኪና ያለ ፈቃድ ረጅም መንገድ መውጣት አትችልምና፣ የቀረው የእናንተ ፈቃድ ብቻ ነበር፤ እስከ ዛሬም የቀረው እሱው ብቻ ነው።

ለተደረገልኝ መስተንግዶ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. መርማሪዎ ስኮርታው «ከፋብሪካ በወጣበት ቦታ» ካልተቀመጠ ፈቃድ እንደማይሰጥ ስላስረዱኝ አመሰግናለሁ። ትንሹን ስኮርታ በድሮ ቦታው አስቀምጬ ስመለስ ደግሞ፣ ከአራቱ ጋር እኩል ስላልሆነ ስኮርታ አይባልም ብለው መለሱኝ። ሁለቱም ቃላቸው ትክክል ነው፤ ጥፋቱ በመካከሉ የተገኘሁት የእኔ ነው።

2ኛ. ስኮርታው ታርጋዬን ስለሸፈነ ታርጋውን ወደ ጎን እንዳዛውር ስለታዘዝኩ፣ ካዛወርኩም በኋላ ያለ ፈቃድ ታርጋ አንስተሃል ተብዬ ማስጠንቀቂያ ስለተጻፈልኝ አመሰግናለሁ። የማስጠንቀቂያው ማኅተም እንዴት ጥርት ብሎ እንዳረፈ ሳይ በፈቃዴ ላይም እንዲያ ባረፈ ብዬ ተመኘሁ።

3ኛ. ይህኛው ይረዝማልና ይታገሡኝ። ጎማው ለብቻው፣ መኪናው ለብቻው ይታይ ስለተባለ ጎማውን ፈትቼ፣ አሳንሰሩ አይሠራምና፣ የጎማ ጉዳይ ወደሚታይበት ሦስተኛ ፎቅ በደረጃ እያንከባለልኩ አወጣሁት። በር ላይ ጥበቃው «የሚገባ ንብረት» ብሎ መዘገበው። መለካቱ አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ለመውጣት ግን የንብረት መውጫ ወረቀት ያስፈልገዋል ተባለ፤ መውጫ የሚፈርሙት ሰው ደግሞ ሥልጠና ላይ ነበሩ። ስለዚህ ስኮርታዬ ዘጠኝ ቀን በኮሪደርዎ ሰነበተ። ልጠይቀው በመጣሁ ቁጥር ባለጉዳዮች በየተራ ተቀምጠውበት አገኝ ነበር፤ አንዲት እናት እንዲያውም ከወንበሮቻችሁ ይሻላል ብለው መርቀውኛል። በእነዚያ ዘጠኝ ቀናት የአክስቴ ጎረቤት ሁለት ጊዜ ደወለች። በመጀመሪያው አክስቴ ወንድሟን እየጠራች እንደሆነ ነገረችን። በሁለተኛው ስልኩን በአክስቴ ጆሮ ላይ አድርጋላት አባቴ ብዙ ተናገረ፤ ከወዲያ የተሰማው ግን ትንፋሽ ብቻ ነበር። እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቶኛል። ይህን ደብዳቤ እንኳ ግማሹን ቆሜ፣ ግማሹን በቫኗ ዙሪያ እየዞርኩ ነው የጻፍኩት፤ የጠበቀውን ብሎን ደግሜ ማጥበቅ ልማድ ሆኖብኛል።

4ኛ. አራተኛው ምን እንደነበር ጠፍቶብኛል። የፎቶ ኮፒ ጉዳይ ይመስለኛል።

5ኛ. ባለፈው ሰኞ በፊርማዎ ስለወጣው የመጨረሻ ውሳኔ አመሰግናለሁ። እንዲህ ይላል፦ «ስኮርታው በተሽከርካሪው ውስጥ ይጫን፤ ለዚህም የአልጋው ቦታ በቂ ሆኖ ተገኝቷል።» ልኬቱ ልክ ነው፣ እኔም ለክቼዋለሁ። ስኮርታው አልጋው ላይ ሲጋደም ይመቸዋል። አባቴ ግን ሁለተኛ አልጋ የለውም። ከሁለቱ አንዱን እንድመርጥ ሙሉ ነፃነት ስለሰጡኝ ምስጋናዬ ከልብ ነው፤ መምረጡም ብዙ አላስቸገረኝም።

አባቴ በየማለዳው፣ ገና ከሰላምታው በፊት፣ «ወረቀቱ ወጣ?» ይለኛል። እኔም «ሊወጣ ነው» እለዋለሁ። አምስት ወር ሙሉ፣ ለጽሕፈት ቤትዎ ክብር ስል፣ አባቴን ዋሽቼዋለሁ። ትናንት ግን ሳይጠይቀኝ ዋለ። ይህ አስፈራኝ።

ስለዚህ ሐሙስ ጠዋት እንነሳለን። አባቴ አልጋው ላይ፣ ስኮርታው ከኋላ በክንዱ ላይ፣ ታርጋው ከጎኑ፤ ሁሉም በግልጽ የሚታይ ነው። የምናልፈው በጽሕፈት ቤትዎ በር ፊት ለፊት ነው፤ ሌላ መንገድ ቢኖርም አልሄድበትም። መርማሪዎ ሊያስቆሙን ቢፈልጉ መብታቸው ነው። የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያስቆሙበትን ምክንያት ለእኔ ሳይሆን፣ የኋላውን በር ከፍተው ለአባቴ ይንገሩት።

ለሰጡኝ ጊዜ፣ ይልቁንም ለወሰዱብኝ ጊዜ፣ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣ ሲቆም እንጂ ሲሄድ አይተውት ከማያውቁት አክባሪዎ፣

የቫኗ ባለቤት

ግልባጭ፦ ለሚመለከተው ሁሉ፤ የሚመለከተው ካለ።

ማስታወሻ፦ በማሻሻያ መጠየቂያው ቅጽ ላይ «ማሻሻያው ያስፈለገበት ምክንያት» ከሚለው ፊት ለፊት ያለው ክፍት ቦታ የሚበቃው ለአንድ ቃል ብቻ ስለሆነ «አባቴ» ብዬ ሞልቼው ነበር። ቅጹ «ይህ የተሽከርካሪ ክፍል አይደለም፤ እንደገና ይሞላ» ተብሎ በቀይ እስክሪብቶ ተጽፎበት ተመልሶልኛል። እንደታዘዝኩት እንደገና ሞልቼ ከዚህ ጋር አያይዤዋለሁ። የጻፍኩት ያንኑ ነው።