ካሜራው አየሁ ያለው ሰው

ኅዳር 4፣ ማክሰኞ፣ ጠዋት
በቅሎዬን ዳማን ዛሬም ላብ አጥምቋታል። ጎህ ሲቀድ በረት ገባሁ። የጀርባዋ ፀጉር በደረቀ ላብ ተጣብቋል፣ እግሯን እሾህ ቧጭሯታል። ማታ ያሰርኳት እኔ ነኝ፤ ደህና ነበረች። እኛ ስንተኛ በቅሎዬን የሚያወጣት፣ ጭኖም የሚመልሳት ሰው አለ። የግቢው ቁልፍ ያለው በሦስታችን እጅ ነው፤ በእኔ፣ በታናሽ ወንድሜ በአስማረ፣ የጓሮውን ክፍል በተከራዩኝ በመሪጌታ ልሳነወርቅ። ወንድሜም አላውቅም አለ፣ መ/ጌታም አላውቅም አሉ። የቱሪስት ጓዝ የምትሸከምልኝ ዳማ ብቻ ናት። እሷ ከተሰበረች እኔም አብሬ ነኝ። አንድ ሰው እየዋሸኝ ነው፣ ማስታወሻዬ።

ኅዳር 7፣ ዓርብ
ጎንደር ወርጄ ካሜራ ገዛሁ። ሻጩ ካርቶኑን አዙሮ ቁጥር አሳየኝ፤ 0.001 ሉክስ። ሉክስ የብርሃን መለኪያ ነው፣ ቁጥሩ ባነሰ መጠን በጨለማ ያያል አለኝ። ከጎኑ ያለው 0.1 ይላል። ትንሹን ቁጥር መረጥኩ። ደባርቅ ስገባ አስማረ ተቀብሎኝ ከቤቱ ግድግዳ ላይ ሰቀለልኝ። እስከ ግቢው በር ድረስ ያያል ወይ ብሎ ጠየቀ። ቆይቶ ደግሞ ጠየቀ። መ/ጌታ ግን ቀና ብለው እንኳ አላዩትም። የትኛው ነው የሚያስጠረጥረው? የሚጠይቀው ወይስ የማይጠይቀው?

ኅዳር 10፣ ሰኞ
ሌሊት ወጥታለች! ቀረጻውን ስልኬ ላይ ከፈትኩ። በሩ ጥርት ብሏል፣ የካቡ ድንጋይ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ሰውየው ግን ጭስ ነው። ጋቢ የለበሰ ነጭ ጭስ፣ ከኋላው ዳማ፣ እሷም ጭስ። ፊት የለውም። አስማረ አየውና መ/ጌታ ናቸው አለ። አካሄዳቸው ነው፣ ጎበጥ ማለታቸው ነው፣ ደግሞስ ለኪዳን በጨለማ የሚነሳ ሌላ ማን አለ? ደጋግሜ አየሁት። እውነትም ጎበጥ ብሏል። ማምሻውን ጢማቸውም ታየኝ።

ኅዳር 11፣ ማክሰኞ
ለመ/ጌታ ነገርኳቸው። በካሜራ አይቻለሁ፣ ክፍሉን ይልቀቁልኝ አልኩ። ጎረቤቴ ወ/ሮ ጥሩዬ ከአጥሩ ማዶ ቆማ ትሰማለች። እስከ ማታ ሰፈሩ ያውቀዋል። መ/ጌታ አልተቆጡም። መቋሚያቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉና፣
«ልጄ፣ እኔን ካየሽ እሄዳለሁ። ግን አይተሽኛል?» አሉ።
አዎ አልኩ።

ኅዳር 12፣ ረቡዕ፣ ሲመሻሽ
ሚካኤል። ቤተ ክርስቲያን የመ/ጌታን ዓይን ሸሽቼ ቆምኩ። ጥያቄያቸው ግን ቤት ድረስ ተከተለኝ። አሁን ግቢው ባዶ ሲሆን ጋቢ ለበስኩና ከበረቱ እስከ በሩ ሄድኩ። በሩ ጋ ቆሜ ወደ ካሜራው ዞርኩ። ተመለስኩ። ቀረጻውን ከፈትኩ። የቆምኩት እኔ ነኝ፣ አፍንጫዬ ሳይቀር ይለያል። የምራመደው ግን ነጭ ጭስ ነው። ጎበጥ ያለ ጭስ። በዚህ ማስረጃ ራሴንም ከቤቴ አስወጣ ነበር።

ኅዳር 13፣ ሐሙስ
ከካርቶኑ ውስጥ የወጣውን ወረቀት በመነጽር አነበብኩት። ከ0.001 ሥር በጥቃቅን ፊደል ተጽፏል፤ ቁጥሩ የተለካው የካሜራው ዓይን ለእያንዳንዱ ምስል ረዘም ላለ ጊዜ ተከፍቶ ሲቆይ ነው። ገባኝ። ብርሃን እስኪጠራቀምለት ይጠብቃል። ካብ አይንቀሳቀስም፣ ይጠራል። ሰው ይንቀሳቀሳል፣ ይሟሟል። ሌላ መስመር ላይ 0 ሉክስ ይላል፤ እሱ ደግሞ ካሜራው ለዓይን የማይታይ የራሱን መብራት ሲያበራ ነው። ያ መብራት በረቱ ጋ ያልቃል፣ በሩ አይደርስም።

ሻጩ ጋ ደወልኩ። ቁጥሩን የሚጽፈው ፋብሪካው ነው፣ ሁሉም በየራሱ መንገድ ይለካል፤ ለሚንቀሳቀስ ሰው ባለ 0.1 እንዲያውም ሊሻል ይችል ነበር አለ። ዛሬ! ያኔ ለምን አልነገረኝም? መፍትሔው ብርሃን መጨመር ነው አለኝ። ሰው ሲያልፍ በራሱ የሚበራ አምፖል ከዚሁ ከከተማ ገዛሁ። አስማረ ገበያ ሳለ በሩ ላይ ገጠምኩት። ለማንም አልተናገርኩም።

ኅዳር 15፣ ቅዳሜ
የሌሊቱ ቀረጻ ላይ፣ አምፖሉ ሲበራበት ሰውየው ደንግጦ ቆመ። ቀና ብሎ አየው። ጋቢው፣ በእጁ የያዘው ልጓም፣ ፊቱ፣ ሁሉም ጥርት ብሏል።

አስማረ ነው። አዝዬ ያሳደግኩት ወንድሜ።

ስልኩን ፊቱ አስቀመጥኩለት። ብዙ አልተከራከረም። ቱሪስት ከቀነሰ ወዲህ ሥራ ፈትቶ መቀመጡ አንገብግቦታል። ከብሔራዊ ፓርኩ ዳር እንጨት እየቆረጠ በዳማ ይጭናል፣ ወደ ዳባት መውጫ መንገድ ላይ የሚቀበለው ሰው አለ። ጥበቃዎች ቢይዙት ዳማም ትወረስ ነበር። እሱን እንኳ ቻልኩት። ሽማግሌውን ለምን ወነጀልክ አልኩት።
«አንቺ ቀድመሽ ጠርጥረሻቸው ነበር፣ እታለም። እኔ ያገኘሁትን ያዝኩ» አለ።

ኅዳር 16፣ እሑድ፣ ከሰዓት
የመ/ጌታ እግር ላይ ወደቅሁ። እግዚአብሔር ይፍታሽ አሉኝ፣ አነሱኝ፤ መጻሕፍታቸውን በነጠላ መቋጠር ግን አላቆሙም። ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ክፍል አግኝተዋል። ይቅሩልኝ ብዬ ለመንኳቸው።
«ከእንግዲህ ሌሊት በሩ በተከፈተ ቁጥር ታዳምጫለሽ፣ ልጄ። እኔም ማዳመጥሽን አውቃለሁ» አሉ።

እውነታቸውን ነው። አሁንም፣ ይህን ስጽፍ፣ ጆሮዬ በሩ ላይ ነው።

ወስኛለሁ። ነገ ዕቃቸውን ዳማ ላይ እጭናለሁ። በጓሮ መንገድ አይደለም፣ በገበያው መሐል ነው የምንሄደው። ወ/ሮ ጥሩዬም ትጠይቅ፣ ማንም ይጠይቅ፤ መ/ጌታ ንጹሕ ናቸው፣ በቅሎዋን ሲያወጣት የነበረው ወንድሜ ነው እላለሁ። ልጓሙን አስማረ ይይዛል። አልሄድም ብሏል።

ይሄዳል።