አሚን ያላልሁለት ዳኛ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9፣ ማታ
ቂጣ በሻይ። ብቻዬን። መብራት ስላለ የኮሪያው ድራማ አላመለጠኝም። አጎትየው የወንድሙን ልጅ ዙፋን ቀማ፤ ትንሹን ንጉሥ ወደ ተራራ አጋዘው። አንተ ሌባ ብዬ ቴሌቪዥኑ ላይ ጮኽሁ። ባለቤቴ ከድጃ በሕይወት ብትኖር ትስቅብኝ ነበር።

ስልኬ ላይ ፈለግሁ፤ ለካ እውነተኛ ታሪክ ነው። ዕድሜዬን ት/ቤት ታሪክ ሳስተምር ይህን አላውቅም። ልጁን ወደ ዙፋኑ ሊመልሱ የዶለቱ ስድስት ሹማምንት ተገደሉ፤ በኋላ ልጁም ተገደለ። ሌሎች ስድስት ሹመት ንቀው ቤታቸው ተቀመጡ፤ ቀማኛውን ንጉሥ አላሉትም። አንዱ እስኪሞት ድረስ ልጁ ወደተቀበረበት ወደ ምሥራቅ ዞሮ ይቀመጥ ነበር አሉ። ለቀማኛው ያደረ አንድ ሊቅም ነበር። ሕዝቡ ስሙን ለማሾ ቡቃያ ሰጠው፣ እንደሱ ቶሎ ስለሚበላሽ። ስንት መቶ ዓመት አልፎ እስከ ዛሬ እንደዚያው ይጠሩታል። ብቻዬን ሳቅሁ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10
ማስታወሻዬ፣ የኛም ሰፈር አጎት አለው። ቅሬው፣ የሚቀብረንና የሚያስታርቀን ዕድራችን፣ ዳኛው ሲሞትበት፣ ዱአ አድርገን ልጁን ሰይድን መረጥን። ሰይድ ለሥራ ሎግያ ሲወርድ አጎቱ አህመድ የቅሬውን ድንኳን ከሰይድ ቤት አስወጣና ዳኛው እኔ ነኝ አለ። ሰው ጓዳ ለጓዳ አጉረምርሞ ተወው። ሰይድ አሁን ጎብዬ፣ አማቶቹ ዘንድ ነው።

ዓርብ ቅሬው ይሰበሰባል። አህመድ ይመርቃል፣ አሚን ይባላል። አሚን ካልሁ ዳኛ ነህ አልሁት ማለት ነው። ጎረቤቴ ዘሀራ ሐሳቤ ገብቷት የአጥሩን በር ይዛ ቆመች።

«ኧረ ጋሼ፣ አሚን ማለት ምን ይከብዳል? ልጅ የለዎት፣ ነገ ማን ይቅበርዎ?»

ሞትን ያን ያህል አልፈራም። ቀባሪ ማጣትን ግን እፈራለሁ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13፣ ጧት
ትናንት ሄድሁ። አህመድ መረቀ። አሚን ተባለ። ዝም አልሁ። አየኝ። ምርቃቱን ደገመው፤ ሰው ሁሉ ወደኔ ዞረ። አሁንም አላልሁም። አህመድ ሌላ ወሬ ጀመረ።

ስመለስ አብሮኝ የሄደ የለም። የዘሀራ በር ዝግ። ሱቅ ስገባ ወሬው ተቋረጠ። ከፋኝ፤ አልዋሽህም፣ በጣም ከፋኝ። እነዚያ ስድስቱም ቤታቸው ተቀምጠው እንዲህ ሳይከፋቸው አልቀረም። ይህን የጻፈ አላገኘሁም።

5 ሰዓት
ወስኛለሁ። ሚኒባስ ይዤ ጎብዬ። ሰይድን ገበያ መሃል፣ ሰው እየሰማ፣ ዳኛዬ ብዬ ልጠራው ነው። ቢያፍርም ቢፈራም ይስማኝ። ሳይመሽ ወሬው እዚህ ቆቦ ይደርሳል፤ አህመድም ስሜን ከቅሬው ያስፍቃል። ከዚያ ወዲያ ብሞት የሚቀብረኝ ማን እንደሆነ አላውቅም። ቢሆንም እሄዳለሁ።